15 ሜትር ላይ የደረሰው ሞገድ፦ የፊኖ 1 ጉዳይ ጥናት ለጅማ መሐንዲሶች

ከጀርመኗ የቦርኩም ደሴት በስተሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ፣ ፊኖ 1 የሚባል የምርምር ጣቢያ ቆሟል። እግሩ ከብረት ቱቦ ተበይዶ የተሠራ፣ በባለሙያዎች አጠራር ጃኬት የሚባል መዋቅር ነው። ከላዩ አናቱ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል የሚደርስ የነፋስ መለኪያ ማማ ተተክሎበታል። መለካት የጀመረው በ2003 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተተከለው በዚያ ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ሊያቆሙ ያሰቡ ሰዎች ነፋሱና ሞገዱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በቁጥር እንዲያውቁ ነው።

በ2006 ኦክቶበር 31 ለኖቬምበር 1 አጥቢያ ብሪታ የተባለው ወጀብ ሰሜን ባሕርን ከላይ ወደ ታች ጠረገው። ከባሕር ወለል 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበሩ የጣቢያው ክፍሎች በሞገድ ተመትተው ተጎዱ። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ውኃ ወጥቶ ብረት ጎዳ እንደማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ ቲሎ፣ በ2013 ዲሴምበር ደግሞ ዛቨር የተባሉት ወጀቦች በዚያው ጣቢያ ላይ እንደገና ጉዳት አደረሱ። አልፋ ቬንቱስ የተባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሜጋ ዋት የሆኑ 12 ተርባይኖቹን ይዞ፣ ከዚሁ ጣቢያ አጠገብ ነው የተተከለው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ መለኪያ ማማ አጥር ተሰበረ ብሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ጅማ ባሕር የላትም። የፊኖ 1 ስሌት ግን በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ በኪቶ ፉርዲሳ፣ ለሚማር የሲቪልና የሜካኒካል ተማሪ ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። ነፋስ ውኃ ላይ ሲሮጥ ሞገድ የሚያነሣበት ሕግ እዚያም እዚህም አንድ ነው። የሚለየው ነፋሱ የሚሮጥበት ርቀትና የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ የጽሑፉ ዋና ነገርም እሱ ነው። የስታቲስቲክስ ከርቭ ከመምረጥ በፊት የትኛው ወጀብ ነው ቁጥሩን የሚወልደው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ይህን ጥያቄ የዘለለ ሰው የቱንም ያህል የረቀቀ ሶፍትዌር ቢይዝ የተሳሳተ ቁጥር በሦስት አኃዝ ነጥብ ያወጣል።

“የ50 ዓመት” ሲባል

የ50 ዓመት ሞገድ ማለት በማንኛውም ዓመት የመከሰት ዕድሉ 2 በመቶ የሆነ ማለት ነው። 50 ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ቀጠሮ አክባሪ እንግዳ አይደለም። ተርባይኑ 25 ዓመት ቢያገለግል ያንን ሞገድ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ ከ1 ላይ 0.98 በራሱ 25 ጊዜ ተባዝቶ ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ 40 በመቶ ያህል። በሦስት ዓመት ውስጥ የማየት ዕድሉ ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ብሪታ ጣቢያው በቆመ በሦስተኛው ዓመት መምጣቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። 6 በመቶ ትንሽ ቢሆንም የሚሆን ነገር ነው።

ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን ነገሩ ይለወጣል። የ15 ሜትሩ ከፍታ በ50 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመታ ነው ብለን እንነሣ። በ10 ዓመት ውስጥ የምንጠብቀው አማካይ ብዛት 0.2 ይሆናል። አልፎ አልፎ የሚከሰቱ ነገሮችን ብዛት በሚያሰላው በፖይሰን ሕግ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የመመታት ዕድሉ 0.00115 ነው፤ ከ870 አንድ ገደማ። ይህ ሲሆን ባሕሩን ከመራገም በፊት የመነሻውን ግምት መጠርጠር ይሻላል። በእርግጥ ወጀቦች አንዳንዱን አሥር ዓመት ያዘወትሩታል፣ ሌላውን ይተዉታል፤ የፖይሰን ሕግ ደግሞ እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ነው የሚቆጥራቸው። ያም ሆኖ ከ870 አንድ የሚሆን ነገር በመሰባሰብ ብቻ አይገለጽም። የ15 ሜትሩ ከፍታ ከ50 ዓመት በጣም ባጠረ ጊዜ የሚመታ ነበር ማለቱ ይቀላል።

በነፋስ በኩል ያለው መለኪያ አይኢሲ 61400-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ የነፋስ ተርባይን ዲዛይን ደረጃ ነው። ተርባይኖችን በክላስ ይከፍላል። በማማው አናት፣ ማለትም በሮተሩ መሐል ከፍታ፣ የ50 ዓመቱ የ10 ደቂቃ አማካይ ነፋስ ለክላስ አንድ 50፣ ለክላስ ሁለት 42.5፣ ለክላስ ሦስት 37.5 ሜትር በሰከንድ ነው። የሦስት ሰከንዱ ድንገተኛ ግፊት የዚህ 1.4 እጥፍ ሆኖ ይወሰዳል። የባሕሩ ክፍል በ61400-3 ተጨምሯል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ የነፋሱ ቁጥር የ10 ደቂቃ፣ የሞገዱ ቁጥር የ3 ሰዓት ነው። ሁለቱን በአንድ ስሌት ከማስገባት በፊት ወደ አንድ የጊዜ ርዝመት መመለስ ግድ ነው። የ10 ደቂቃውን ነፋስ በ0.95 ሲያባዙት የ1 ሰዓት፣ የ3 ሰዓቱን የሞገድ ቁመት በ1.09 ሲያባዙት የ1 ሰዓት ይሆናል። ይህን የዘለለ ሰው ነፋሱን ያከብዳል፣ ሞገዱን ያቀላል፤ ውጤቱ ደግሞ ትክክል ይመስላል።

መለኪያው ራሱ ሲዋሽ

የፊኖ 1 ማማ ላይ ጽዋ መሰል የነፋስ መለኪያዎች ከ33 ሜትር ጀምሮ እስከ አናቱ ድረስ በየ10 ሜትሩ ገደማ ተደርድረዋል። አናቱ ላይ ካለው በቀር በደቡብ ምሥራቅ ወገን በተዘረጉ ክንዶች ላይ ናቸው። በድምፅ ሞገድ የሚሠሩት ሶኒክ መለኪያዎች ደግሞ በ40፣ በ60 እና በ80 ሜትር ላይ በተቃራኒው ወገን፣ በሰሜን ምዕራብ፣ ተሰቅለዋል። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ ጽዋዎቹ ከማማው ጀርባ ይቀራሉ፣ ጥላ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚያነቡትም ከእውነቱ ያነሰ ነው። ችግሩ ትልልቅ ሞገድ የሚያነሡት ወጀቦች የሚመጡት ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ መሆኑ ላይ ነው። መለኪያው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት በጣም ይሳሳታል።

ማረሚያው ቀላል ግን አሰልቺ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ በየ10 ዲግሪ መክፈል፤ በእያንዳንዱ ክፍል የጽዋውን ንባብ በዚያው ከፍታ ባለው ሶኒክ ማካፈል፤ ውጤቱን በአቅጣጫ መሳል። ከ1 በታች የሚወርድበት ጎድጓዳ ቦታ የማማው ጥላ ነው። በዚያ አቅጣጫ ጽዋው ይተዋል፣ ሶኒኩ ይያዛል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ሶኒኩ ይተዋል። አናቱ ላይ ያለው ጽዋ ከጥላ ነፃ ቢመስልም የመብረቅ መከላከያ ዘንጎች ከበውታል፣ እሱንም ከሌሎቹ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

በሞገድ በኩልም ተንሳፋፊ መለኪያ የራሱ ጠባይ አለው። በመልሕቅ የታሰረ ስለሆነ ሾጣጣ የሞገድ አናት ሲመጣ አንዳንዴ ወደ ጎን ይሸሻል፣ አንዳንዴ ገመዱ ይይዘውና ውኃው ከላዩ ያልፋል። ስለዚህ አጠቃላዩን ቁመት ደኅና አድርጎ ሲሰጥ፣ የአናቱን ሹልነት ግን ያለዝበዋል። ከጣቢያው ወደ ታች የሚያይ ራዳር አናቱን በተሻለ ያያል፣ ነገር ግን በወጀብ ጊዜ ነፋሱ የሚበትነውን ፍንጣቂ ውኃ ሞገድ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

የጎደለ መረጃ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። መለኪያ የሚበላሸው በብዛት በወጀብ ነው። ዓመቱን 97 በመቶ ሸፍኛለሁ የሚል ሰንጠረዥ የጎደለው 3 በመቶ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ዋጋ የለውም፤ 3 በመቶ 11 ቀን ነው፣ የዓመቱ ከባድ ወጀቦች ሁሉ 11 ቀን ውስጥ ይገባሉ። ክፍተቶቹን ከወጀብ ቀኖች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

አጭር መረጃን ማስረዘም

የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ልኬት ብቻውን የ50 ዓመት ቁጥር አይወልድም። ስለዚህ ያለፈውን የአየር ጠባይ በኮምፒዩተር መልሶ የሚያሰላ መረጃ ይጨመርበታል። በሰፊው የሚሠራበት ኢአርኤ 5 ነው፤ ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ የተሰላ ነፋስና ሞገድ በነፃ ይሰጣል። ጅማ ተቀምጦም ማውረድ ይቻላል። ዓለሙን ሁሉ ሳይሆን የሚፈለገውን ነጥብና ዙሪያውን ብቻ ቆርጦ፣ ዓመት በዓመት ከፋፍሎ መጠየቅ ነው፤ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ፋይል ይሆናል።

ኢአርኤ 5 ነፋሱን የሚያሰላው ምድርን በካሬ ከፋፍሎ ነው፤ የአንዱ ካሬ ጎን ግን 31 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ ያለውን ሁሉ ስለሚያማክል የወጀቡን ጫፍ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ከጣቢያው ልኬት ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ተከታታይ መረጃዎች ሰዓት በሰዓት አጋጥሞ ቀጥታ መስመር ያልፍባቸዋል። አብዛኛው ሰዓት ጸጥተኛ ባሕር ስለሆነ መስመሩን የሚወስኑት ጸጥተኞቹ ሰዓታት ናቸው። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ሞገድ ላይ ቆንጆ ሆኖ የገጠመው መስመር 9 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ሊጎድል ይችላል። ትክክለኛው አካሄድ ሁለቱም መረጃዎች ባሉበት ዘመን ውስጥ 30 ያህል ከባድ ወጀቦችን መርጦ፣ የእያንዳንዱን ጫፍ ከጫፍ ማጋጠም ነው። ጫፎቹ በአንድ ሰዓት ላይ ባይውሉም ግድ የለም፤ ኮምፒዩተሩ ወጀቡን ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢያሳልፈው ለዲዛይን የሚጎዳ ነገር የለውም።

ከዚያ የዓመታዊ ጫፎች ስሌት ይመጣል። ዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከተቆረጠ የሰሜን ባሕር የወጀብ ወቅት መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል፤ አንዱ ክረምት ለሁለት ዓመት ጫፍ ያዋጣል። ስለዚህ ከጁላይ እስከ ጁን ይቆረጣል። የኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ሳይታሰብ ተመችቷል፤ መስከረም 1 ላይ ቢቆረጥ የአውሮፓ ወጀብ ወቅት ሳይነካ ከነነፍሱ ይገባል።

ከዓመታዊ ጫፎች የ50 ዓመቱን ቁጥር የሚያወጣውን የጉምቤልን ስሌት በወረቀት ለመሥራት፣ ለልምምድ ብቻ የያዝነውን እንውሰድ፤ የ10 ዓመት ዓመታዊ ጫፎች አማካይ 27 ሜትር በሰከንድ፣ መደበኛ ልይይታቸው 2.5። ልይይቱን በ0.78 ማባዛት 1.95 ይሰጣል። ከአማካዩ ላይ የ1.95ን 0.577 እጥፍ መቀነስ 25.87 ይሰጣል። በዚህ ላይ የ1.95ን 3.90 እጥፍ መደመር፤ የ50 ዓመቱ ነፋስ 33.5 ሜትር በሰከንድ ይሆናል።

ብዙ ሪፖርት እዚህ ያቆማል። ያልተጻፈው ግማሽ የስሕተቱ ስፋት ነው። በ10 ዓመት መረጃ የዚህ ቁጥር አንድ መደበኛ ስሕተት 2.7 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይወጣል። የነፋስ ጫና በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ33.5 ወደ 36.2 መሄድ ጫናውን በ17 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። በ3 ዓመት መረጃ ስሕተቱ ወደ 4.9 ይሰፋል፣ ጫናውም በ31 በመቶ ከፍ ሊል ይችላል። ደረጃው ለተለመዱ የከባድ ወጀብ ስሌቶች የሚጠይቀው የጫና ማባዣ 1.35 ነው። በሦስት ዓመት መረጃ የተሠራ ስሌት ያንን መጠባበቂያ ሊጨርሰው ምን ያህል እንደቀረበ ማየት ነው፤ መጠባበቂያው ደግሞ ለሌላ ብዙ ነገርም የተቀመጠ ነው።

ዓመታዊ ጫፍ ብቻ ከመውሰድ ከተወሰነ ወለል በላይ ያሉትን ወጀቦች ሁሉ መውሰድ መረጃውን ያበዛዋል። በዓመት ከ5 እስከ 10 ወጀብ የሚያስቀር ወለል ይመረጣል፤ በሁለት ጫፎች መካከል ቢያንስ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይኑር፣ አለዚያ አንዱ ወጀብ ሁለቴ ይቆጠራል። ወለሉን ትንሽ ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት የ50 ዓመቱ ቁጥር የሚዘል ከሆነ መረጃው ገና አልበሰለም። ከርቩ ላይ ያለው የቅርጽ መለኪያ ለሞገድ ቁመት ከዜሮ በላይ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ዳር ድንበር የሌለው ሞገድ እየተነበየ ነው ማለት ነው፤ በ30 ሜትር ውኃ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሁለት ዓይነት ወጀብ በአንድ ከረጢት

በደቡባዊ ሰሜን ባሕር ላይ ከባድ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ከዚያ ወገን ግን የእንግሊዝ ደሴት ጋርዳለች፤ ነፋሱ ውኃ ላይ የሚሮጥበት ርቀት ይወሰናል። ከሰሜን የሚመጣ ወጀብ በቁጥር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እስከ ኖርዌይ ባሕር ድረስ ክፍት ውኃ አለው። ለረጅም ሰዓት በአንድ አቅጣጫ ሲነፍስ ሞገዱን እያሳደገ ይመጣል። ብሪታ የዚህ ዓይነት ነበር።

ሁሉንም በአንድ ከረጢት ጨምሮ ከርቭ የሚያሳልፍ ሰው የምዕራቦቹ ብዛት ከርቩን እንዲመራው ይፈቅዳል። ከላይ ያሉት ሁለት ሦስት የሰሜን ወጀቦች ከመስመሩ ወጥተው ይታያሉ፤ ፈተናው ያኔ “ያፈነገጡ” ብሎ መሰረዝ ነው። የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው። መረጃውን በ12 አቅጣጫ መቆራረጥም መፍትሔ አይደለም፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። በባሕሩ መልክ ሦስት ወይም አራት ወገን መለየት፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው መሥራት፣ በመጨረሻ ዕድሎቹን ማጣመር ይሻላል። ለሞገድ የሰሜኑ ወገን፣ ለነፋስ የምዕራቡ ወገን ዋናውን ቁጥር ሲይዙ ይታያል። ተርባይኑም በሁለቱም ይፈተናል፤ ነፋሱ በአንድ ወገን፣ ሞገዱ በሌላ ወገን ሲመጣ ምላጮቹ ቆመው ስለሆነ የአየር መግታት ኃይል አይኖርም፣ ማማው ወደ ጎን እንደልቡ ይወዛወዛል።

15 ሜትር ከየት መጣ

ከ10 ሜትር እንነሣ። ይህ ለእጅ ስሌት የያዝነው የ3 ሰዓት ወካይ የሞገድ ቁመት ነው፤ ወካይ ማለት ሞገዶቹ በቁመት ተራ ሲደረደሩ የላይኛው ሲሶ አማካይ። በሦስት ሰዓት ውስጥ 1,000 ያህል ሞገድ ያልፋል። ከእነዚህ የትልቁ ቁመት የወካዩ 1.86 እጥፍ ይሆናል፤ ቁጥሩ የ1,000 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ለሁለት ተከፍሎ የሚገኘው ካሬ ሥር ነው። ስለዚህ 18.6 ሜትር። ደረጃው የሚፈቅደው የሞገድ ጊዜ ለዚህ ቁመት ከ11.2 እስከ 14.4 ሰከንድ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ያሉትን ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ ረጅሙ ጊዜ መሠረቱን፣ አጭሩ ጊዜ የማማውን ውዝዋዜ ሊጎዳ ይችላል።

ተማሪ ብዙ ጊዜ 18.6ን ለሁለት ከፍሎ አናቱ 9.3 ሜትር ነው ይላል። ጥልቀቱ 30 ሜትር በሆነ ባሕር ላይ ትልቅ ሞገድ እንዲያ አይደለም፤ አናቱ ሾጣጣና ረጅም፣ ጎድጓዳው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው። ከቁመቱ 60 በመቶ የሚበልጠው ከጸጥታው ወለል በላይ ይወጣል። 0.62 ብንይዝ 11.5 ሜትር። በዚህ ላይ የባሕሩ መደበኛ ሙላት 1.5 ሜትር፣ ነፋሱ ገፍቶ የሚያከማቸው ውኃ 2.5 ሜትር ብንል ድምሩ 15.5 ሜትር ነው። 15 ሜትር ላይ ያለ ብረት መመታቱ እንግዲህ ተአምር አይደለም።

ከሦስቱ ተደማሪዎች በጣም የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። የሰሜን ወጀብ ሞገዱን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም ወደ ጀርመንና ወደ ሆላንድ ጠረፍ ይገፋዋል፤ ትልቁ ሞገድና ከፍተኛው ውኃ አብረው ይደርሳሉ። በብሪታ ሌሊት ሆላንድ ውስጥ ማሩም አጠገብ ከመከላከያ ግድቡ ውጪ ይሰማሩ የነበሩ ከ100 በላይ ፈረሶች አንዲት ጉብታ ላይ ውኃ ከቧቸው ለቀናት ቆመዋል፤ የሰጠሙም ነበሩ። ያንን ውኃ ያመጣው ወጀብና ፊኖ 1ን የመታው ወጀብ አንድ ነው። ስለዚህ የ50 ዓመት ሞገድን ከአማካይ የውኃ ወለል ጋር ማጣመር ያታልላል። የሞገዱን የ50 ዓመት ጫፍ ከውኃው የ50 ዓመት ጫፍና ከከፍተኛው መደበኛ ሙላት ጋር በጭፍን መደመር ደግሞ ብረት ያባክናል። መካከለኛው መንገድ በተመረጡት ወጀቦች ላይ ውኃውንና ሞገዱን ሰዓት በሰዓት ደምሮ፣ የድምሩን ጫፍ ራሱን እንደ አንድ መረጃ መውሰድ ነው።

ከዚህ በኋላ የአየር ክፍተት፣ ማለትም በሞገዱ አናትና በጣቢያው መድረክ መካከል የሚተወው ቦታ፣ ይጨመራል። የተለመደው ደንብ የ50 ዓመቱ ወካይ ቁመት 20 በመቶ፣ ቢያንስ 1 ሜትር፤ በእኛ ስሌት 2 ሜትር። የመድረኩ ታች 17.5 ሜትር ላይ ይሆናል። ከዚያ በታች መሰላልና መቆሚያ ይኖራል፣ አይቀሬ ነው። እነሱ ግን ሞገድ እንደሚመታቸው ታውቆ፣ ወለላቸው ወንፊት ሆኖ፣ ሲነቀሉ ዋናውን አካል እንዳይጎትቱ ተደርገው ይሠራሉ። ጠፍጣፋና ድፍን ወለል ከታች በሚመጣ ውኃ የሚቀበለው ጥፊ ከስፋቱ ጋር ያድጋል።

ሊረሳ የማይገባው፣ 1.86 ራሱ አማካይ ነገር መሆኑ ነው። በ1995 ጃንዋሪ 1 በኖርዌይ ድራውፕነር ጣቢያ ላይ የተለካው ሞገድ 25.6 ሜትር ቁመት፣ 18.5 ሜትር አናት ነበረው፤ በዚያ ሰዓት ወካዩ ቁመት 12 ሜትር ያህል ነበር። 25.6ን በ12 ማካፈል 2.13 ይሰጣል፣ ከ1.86 በላይ ማለት ነው።

ነፋስንና ሞገድን አንድ ላይ ለማየት የሚሠራበት መንገድ የ50 ዓመት ቀለበት መሳል ነው። በ50 ዓመት ውስጥ ባለ 3 ሰዓት የባሕር ሁኔታዎች 146,100 ናቸው። ከእነዚህ የአንዱ ዕድል በመደበኛው (ኖርማል) ከርቭ ላይ ከመሐል 4.35 ርቀት ላይ ይውላል። በዚያ ርቀት ክብ ተስሎ ወደ ነፋስና ሞገድ ይመለሳል፣ በቀለበቱ ላይ ያሉ ነጥቦች ሁሉ ይፈተናሉ። መሣሪያው ጥሩ ነው። ከላይ ያለው የአቅጣጫ መለየት ካልቀደመው ግን ያው የተደባለቀው ከረጢት ቀለበት ሆኖ ይወጣል።

ወደ ግልገል ጊቤ ሲመጣ

የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ድንጋይ ሙሌት ነው፣ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። የድንጋይ ሙሌት ግድብ አናት ላይ ውኃ እንዲያልፍ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከውኃው በላይ የሚተወው ቁመት፣ ፍሪቦርዱ፣ የሞገድ ስሌት ይፈልጋል። ከታች ያለው ልምምድ ነው፣ የግድቡ ዲዛይን አይደለም።

ለነፋሱ ኢቢሲኤስ 1 የተባለው የ1995ቱ የሕንፃ ደንብ የሚሰጠውን 22 ሜትር በሰከንድ እንያዝ። ነፋሱ ውኃ ላይ የሚሮጥበትን ርቀት 8 ኪሎ ሜትር እንበል፤ ትክክለኛው ከካርታ ላይ ከግድቡ ተነሥቶ በየአቅጣጫው ይለካል። ከሰሜን ባሕር ልኬት በወጣው የሞገድ ዕድገት ቀመር፣ በጆንስዋፕ፣ ወካዩ ቁመት 0.00051 ሲባዛ በፍጥነቱ፣ ሲባዛ በርቀቱ ካሬ ሥር (በሜትር) ነው። የ8,000 ካሬ ሥር 89.4 ነው፤ ውጤቱ 1.0 ሜትር፣ ጊዜው 3.5 ሰከንድ።

ይህ 1 ሜትር የሚደርሰው ግን ነፋሱ ሳያቋርጥ 76 ደቂቃ ያህል ከነፈሰ ነው። የጅማ አካባቢ ኃይለኛ ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው ነጎድጓድ ያዘለ ዳመና ሲፈስ የሚወርድ ነው፤ ቆርቆሮ ያነሣል፣ ባሕር ዛፍ ይጥላል፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ዝናብ ይለወጣል። 22 ሜትር በሰከንዱ 15 ደቂቃ ብቻ ቢቆይ ሞገዱ 700 ሜትር ርቀት ላይ ከሚያድገው በላይ አያድግም፤ ቁመቱ 0.3 ሜትር ነው። ነፋሱ ያው፣ ሐይቁ ያው፣ መልሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይራራቃል። ሰሜን ባሕር ላይ ርቀቱ የወሰነውን እዚህ የቆይታው ጊዜ ይወስነዋል።

ይህ ማለት 0.3 ይወሰድ ማለት አይደለም። በበጋ ወራት ቀስ ብሎ ግን ለሰዓታት በአንድ አቅጣጫ የሚነፍስ ነፋስ አለ። ለምሳሌ 12 ሜትር በሰከንድ ሆኖ ርቀቱን ሙሉ ቢያሳድገው 0.55 ሜትር ሞገድ ያነሣል፣ ከነጎድጓዱ ይበልጣል። እንደገና ሁለት ዓይነት ወጀብ በአንድ ከረጢት። ለጣሪያና ለቴሌ ማማ የነጎድጓዱ ጫፍ ይገዛል፣ ለሐይቁ ሞገድ ደግሞ የበጋው ነፋስ።

የአየሩ ክብደትም ይለያል። በዚያው ደንብ ሠንጠረዥ 1,500 ሜትር ላይ 1.00፣ 2,000 ሜትር ላይ 0.94 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው፤ ለ1,670 ሜትር 0.98 ይወጣል። በ22 ሜትር በሰከንድ የነፋሱ ግፊት 237 ፓስካል ነው፣ የባሕር ጠለል 1.225 ቢገባ 296 ይሆን ነበር። የሞገድ ቀመሩ በባሕር ጠለል አየር የተሠራ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ለፍሪቦርድ በዚህ መተው ይቻላል። ለማማ ስሌት ግን በ20 በመቶ ብረት መጨመር ወይም መቀነስ ነውና የትኛው ቁጥር እንደገባ መጻፍ አለበት።

መረጃ ለመጠየቅ ወደ ጅማ ሜትዎሮሎጂ ጣቢያ የሚሄድ ሰው “የነፋስ መረጃ” ብሎ ብቻ ቢጠይቅ የወር አማካይ ይዞ ይመለሳል፣ ለዚህ ሥራ አይረባም። ዝርዝሩን ጽፎ መሄድ ይበጃል፤ የዕለቱ ከፍተኛ ነፋስ ከነሰዓቱና ከነአቅጣጫው፣ መለኪያው የቆመበት ከፍታ (ለእርሻ ጣቢያ 2 ሜትር፣ ለመደበኛ ጣቢያ 10 ሜትር)፣ ንባቡ የ10 ደቂቃ አማካይ ይሁን የቅጽበት፣ ጣቢያው የተዛወረበት ጊዜ፣ በዙሪያው የተተከለ ዛፍና የተሠራ ሕንፃ። መደበኛው ደንብ መለኪያው ከማንኛውም ጋሬጣ የጋሬጣውን ቁመት 10 እጥፍ እንዲርቅ ነው፤ 12 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ 120 ሜትር ይፈልጋል። ዓመታዊው ጫፍ ቀስ በቀስ እያነሰ ከመጣ፣ ነፋሱ ረገበ ከማለት በፊት ግቢው ውስጥ ገብቶ ዛፎቹን ማየት።